ያልተበጠሰው ክር

ዶክተር ባምላክ ማይክሮስኮፑ ሥር ወድቆ የተገኘው ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወረታ ዳር ባለው የሩዝ ምርምር ጣቢያ፣ ብርሃን በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ገላው ላይ አንዲት ጭረት እንኳ ሳይኖር ሞቷል።

ረዳቱ ይርገዱ ጥግ ይዛ ቆማለች። የናይትሮጅን ሲሊንደሩን የሚገጥሙት ሽማግሌው አቶ ታከለ ሊታሰሩ ነው፤ ጋዙ ሲያፈተልክ ተገኝቷላ! ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ ይርገዱ ታውቃለች።

«ጋዙ ምን ያደርግላችኋል?» አለቻት ኢንስፔክተር ሉሊት።

«የሩዙን ዲኤንኤ ይገፋልናል። ከፀጉር ሺህ ጊዜ በሚቀጥን ቦይ አንዷን ክር ብቻ እናስገባለን። ጠባብ ስለሆነ መጠቅለል አትችልም፤ ተዘርግታ ትታያለች። በሚያበራ ቀለም ነክረን በሌዘር እናያታለን።»

«ምን ያህል ጊዜ ትቆያለች?»

«ቢበዛ አምስት ደቂቃ። ኦክስጅኑ ከብርሃኑ ጋር ሆኖ ያደበዝዛታል፤ ይበጥሳታል።»

«የሲሊንደሩን ማሰሪያ በደንብ አጥብቄዋለሁ፤ የቁሐሩ ሚካኤል ይመስክርብኝ!» አሉ አቶ ታከለ። «ድሮም ትንሽ ትንሽ ያፈተልክ ነበር። ያኔ ማን ሞተ?»

ሉሊት የማይክሮስኮፑን ጠረጴዛ በጣቷ ዳበሰች፤ ዶክተሩ ጠዋት የቀረጸውን የክሯን ምስል ደጋግማ አየች። አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው፤ ሦስተኛው ሰሞኑን ከሟቹ ጋር የተጣላው ተመራማሪ ሰውመሆን ነው።

«ሰውመሆን ሐሙሲት ከተማ ውሏል፤ አጣርቻለሁ። አቶ ታከለም እውነታቸውን ነው፤ የሚያፈተልከው ጋዝ ግድግዳው ላይ ባለው የአየር ቀዳዳ ይወጣ ነበር። ጎረቤት ያለው ወፍጮ ጠዋቱን ሙሉ የሩዝ ገለባ ሲያበን አርፍዷል፤ ኮሪደሩ ብናኝ ለብሷል፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ቅንጣት የለም። እንግዲህ አሁን ክፍት የሆነው ቀዳዳ ጠዋት ተደፍኖ ነበር። ምስሉን ደግሞ እዩት። አምስት ደቂቃ የማትሞላው ክር አርባ ደቂቃ ሳትበጠስ አብርታለች። መውጫ ያጣው ናይትሮጅን ክፍሉን ሞልቶ ኦክስጅን አሳጥቶት ነበራ! የተደፈነውን የከፈተ ሰው አስከሬኑን ቀድሞ ያየ ነው።»

አስከሬኑን ያገኘችው ይርገዱ ናት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ብናኙ ቦዩን እየዘጋ ሥራ ቢያስፈታን ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፍሁት። ስገባ ሞተው አገኘኋቸው፤ ፈርቼ ጨርቁን ነቀልሁ። አቶ ታከለን ይልቀቋቸው።»

«ልትገድይው አላሰብሽም» አለች ሉሊት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስህተት ነው።»

ይርገዱ ራሷን ነቀነቀች። «የለም፤ ወንበሩ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። በሩ ላይ ቀዩ መብራት በርቶ ነበር፤ ቀይ ከበራ ምስሉ እንዳይበላሽ ማንም አይገባም። እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»