ቆቅ በር ላይ የቆመው ሞተር

አስከሬኑን ከገደሉ ሥር ለማውጣት አሥር ሰው፣ ሁለት ረጅም ጠፍርና ግማሽ ቀን ፈጀ። ኢንስፔክተር ደጊቱ ከንፋስ መውጫ ተነሥታ ቆቅ በር ከተባለው የዳገት ማለፊያ ስትደርስ ሟቹ በነጠላ ተሸፍኖ ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል፤ ያወጡት ሰዎችም በየድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ታኅሣሥ ነው። ለውቂያ የሚሆን ቀን በሬሳ አለፈባቸው።

ሟቹ ዋሴ ይባላል። በዋርካ ሜዳ ቀበሌ የእንስሳት ክሊኒክ ኃላፊ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የክሊኒኩን ሞተር ብስክሌት እየነዳ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ገደል ሥር ወድቆ ተገኘ። ሞተሩ ከገደሉ አፍ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ቁልፉ እንደተሰካ ቆሟል። ቢሞክሩት ቢሞክሩት አይነሣም።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት የቀበሌው ሚሊሻ። «ሞተሩ መንገድ ላይ ከዳው። ሲታገለው አዳልጦት ወደቀ። ጥፋቱ የመካኒኩ ነው፤ ጠገንኩ ብሎ ከሰጠው ገና ሳምንቱ ነው። ይኸው ይዘነዋል።»

መካኒኩ ጀሚል በሁለት ሰው መካከል መሬት ላይ ተቀምጧል። አርብ ገበያ ላይ ትንሽ ጋራዥ ያለው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። የሸሚዙ እጅጌ ተቀዷል።

«ማነው የመታው?» አለች ደጊቱ።

ሚሊሻው ዓይኑን ወደ ገደሉ መለሰ። እሷም አልደገመችውም። ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር ቀርቷታል፤ በዚህ ወር ብቻ የሦስት ሰው ሬሳ መርምራለች። ጉልበቷን ይዛ ከቃሬዛው አጠገብ ተንበረከከችና የዋሴን እጆች ገለጠች። መዳፎቹ በድንጋይ ተልጠዋል፤ ግን ዘይትም ጥቀርሻም የለባቸውም። ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። ኪሶቹን ፈተሸች፤ ስልኩ የለም።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ሄዳ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍባቸው ሁለቱ መርገጫዎች ተዘርግተዋል።

«ከተገኘ ጀምሮ ከኋላው የተቀመጠበት ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም። ቁልፉን ከማዞር በቀር የነካው የለም፤ እኔ ስጠብቅ ነው ያደርኩት» አለ ሚሊሻው።

«ጀሚልን ልቀቁት። ና፣ ወንድሜ። ምን እንደሆነ ፈልግልኝ።»

«እኔ ነካክቼ ቢነሣ፣ ማስረጃ አጠፋ ይሉኛል» አለ ጀሚል።

«እያንዳንዱን ነገር ለእኔ እየነገርክ ሥራ። እጽፈዋለሁ።»

ጀሚል ቁልፉን አዞረ፤ የዳሽቦርዱ መብራት አልበራም። ክላክሱን ተጫነ፤ ድምፅ የለም። የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነ፤ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ሞተሪኖ እንኳ አልቃተተም። የእግር ማስነሻውን ረገጠ፤ ምንም።

«ሁሉም ባንድ ጊዜ ጠፍቷል። ከካንዴላው፣ እሳት ከሚጭረው ቢሆን ክላክሱ ይጮህ ነበር። ስለዚህ ወይ ባትሪው ነው፣ ወይ ከባትሪው የሚወጣው መስመር።»

ባትሪውን በመፈተሻ አምፖል ነካው። አምፖሏ ቦግ አለች።

«ባትሪው ሙሉ ነው፣ ኢንስፔክተር። እንግዲያስ ከባትሪው የሚወጣው መስመር ነው።» የጎን ክዳኑን በእጁ ነቅሎ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ትንሽ ነገር አውጥቶም መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ቀይ ፊውዝ ነው፤ በመሐሉ የሚያልፈው ሽቦ ተቃጥሎ ተበጥሷል። ጀሚል ትክ ብሎ አየው።

«ምነው?»

«ይኼ የእኔ አይደለም። እኔ ያስገባሁት ሰማያዊ ነው፤ አሥራ አምስት አምፒር። ይኼ አሥር ነው። ለዚህ ሞተር ማንም አሥር አያስገባም፤ የሶላር ዕቃ ላይ ነው የማየው።»

«የራስህን ብታየውስ በምን ታውቀዋለህ?»

«መሰኪያው ላልቶ ስለነበር የፊውዙን አንድ እግር በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ ነው ያጠበቅሁት።»

ከኪሱ አዲስ ፊውዝ አውጥቶ ሰካ፤ ቁልፉን አዞረ። መብራቱ በራ፤ ማስነሻውን ሲጫነው ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ብድግ አሉ። ጀሚል መሪውን ግራና ቀኝ አዞረ፣ ፍሬኑን ያዘ፣ መብራቱን አበራ አጠፋ፤ ፊውዙ አልተቃጠለም።

«ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም» አለ። «ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ቢሆን ይኼም አሁን ይቃጠል ነበር። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ኢንስፔክተር። ወላሂ ጤነኛ ነው።» ፊቱን አዞረ።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያዩት መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ከገደሉ ሥር ባለው ደብር ዜማ ያስተምራሉ። ደጊቱ ቁልቁል ወርዳ አጠገባቸው ስትደርስ ትንፋሿ አጥሮ ነበር።

«ይቀመጡ፣ እመቤት። ውኃ ልስጥዎ?»

«ይስጡኝ፣ መሪጌታ። ሐሙስ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ሦስት ሰዓት ግድም የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። ዳገቱን ወጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ። መድረሱን አውቃለሁ፤ እዚያ ላይ ነው ስልክ የሚሠራ፤ ሁሉም እዚያ ይቆማል።»

«ከዚያ በኋላ ሊያስነሣው ሲሞክር አልሰሙም?»

«አንድም ጊዜ።»

«ርቆብዎት ይሆን?»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ደቀ መዝሙር ከወንዝ ማዶ ሆኖ ዜማ ቢስት እሰማለሁ፣ እመቤት።»

ደጊቱ ዋሴን ረግማዋለች የተባለችውን ወይዘሮ ካሣነሽን ያገኘቻት አውድማ ላይ ነው። ገለባው በነፋስ እየተነሣ ፊታቸውን ይመታል። ካሣነሽ መንሿን አላስቀመጠችም።

«ለምን እንደመጡ አውቃለሁ። ሰው ነግሮዎት ነው። አዎ፣ ብዬዋለሁ። ዘጠኝ ፍየል ሞቶብኛል። ክትባት ብለው ወግተው፣ በሳምንቱ በተራ በተራ ወደቁ። ገበያ መሐል፣ ገደል ይግባህ ብዬዋለሁ። ይኸው ገባ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።»

«ሐሙስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ደቦ ነበረኝ፤ ስድስቱንም ይጠይቁ።»

«ፍየሎቹን የወጋው ዋሴ ነው?»

«አይደለም፤ ያኛው ልጅ ነው፣ ኢዮብ። ዋሴስ ከሞቱ በኋላ ነው የመጣው። አንዱን ፍየል አገላብጦ አየና ብዙ ጊዜ አቀርቅሮ ቀረ። ከዚያ፣ ‹እትዬ ካሣነሽ፣ ይኼን ነገር ሳላጣራ አልቀመጥም› አለኝ። እኔ ደግሞ ሰደብኩት።» መንሿን ወደ መሬት ተከለችና ተደገፈችው። «ልጆች አሉት?»

«ሁለት።»

ካሣነሽ መንሿን ነቅላ ወደ ገለባው ተመለሰች።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። ኢዮብ፣ የዋሴ ረዳት፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ለደጊቱ ወንበር በእጁ ጠርጎ ሰጣት።

«ጋሼ ዋሴ ለእኔ አባት ማለት ነበር» አላት። «ሐሙስ ለብቻው ነው የወጣው። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ። ያ ሞተር አንድ ቀን ጉድ እንደሚሠራን አውቅ ነበር፤ ሁልጊዜ ኤሌክትሪኩ ያስቸግራል።»

«ክትባቱን የት ነው የምታስቀምጡት?»

ወደ ሁለተኛው ክፍል ወሰዳት። ጥጉ ላይ በሶላር የሚሠራ ማቀዝቀዣ ቀስ ብሎ ያጉረመርማል። ክዳኑ ላይ የሙቀት መጠን በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚመዘገብበት ወረቀት ተለጥፏል።

«ቆሞ ያውቃል?»

«አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። የእኔ ኃላፊነት ነው፤ ቀንም ሌትም ይሠራል።»

ደጊቱ መነጽሯን አጠለቀች። ከዚያ በፊት የተመዘገበው ቁጥር ይለያያል፤ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ቁጥር ግን በሙሉ አራት፣ አራት፣ አራት ይላል፤ ጧትም ማታም፣ ባንድ እስክሪብቶ፣ ባንድ አጻጻፍ። ግድግዳው ላይ ያለችውን የሶላር መቆጣጠሪያ ሳጥን አየቻት፤ አልነካቻትም።

«ሰዎቹን ሁሉ እዚህ ጥራልኝ» አለችው ሚሊሻውን። «እኔ እንደገና ዳገት አልወጣም።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ክሊኒኩ ውስጥ ተሰበሰቡ። መሪጌታ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ካሣነሽ በሩ አጠገብ፣ ጀሚል ጥግ ይዞ፣ ኢዮብ ከማቀዝቀዣው ጎን ቆመዋል። ደጊቱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሞተሩ እምቢ ብሎት ሲታገል ወደቀ ተብሏል። እጁን አየሁት፤ ዘይት የሚባል አልነካውም። መሪጌታም ሊያስነሣው ሲሞክር አልሰሙም። ስለዚህ ዋሴ ከሞተሩ ጋር አልታገለም። ሞተሩ ጤነኛ እንደሆነ ራሱ ነው ያቆመው፤ ስልክ ለመደወል። ይኼ አንድ።

«ለብቻው ነው የወጣው ተብሏል። የኋላው መርገጫ ግን ተዘርግቷል። ለብቻው የሚሄድ ሰው እሱን አይዘረጋም። ከኋላው ሰው ነበር።»

ኢዮብ አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«ሞተሩ ላይ የተቃጠለ ፊውዝ ተገኘ። በተቃጠለ ፊውዝ ያ ሞተር አንድ እርምጃ አይሄድም፤ እስከ ቆቅ በር ግን ዳገቱን ወጥቷል። እንግዲህ ደህናው ወጥቶ የተቃጠለው የገባው እዚያው በሩ ላይ፣ ከቆመ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ራሴን ጠየቅሁ። የተቃጠለ ፊውዝ በኪሱ ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ማነው?»

«አምሳያውን ሊገዛ የሚሄድ ነዋ» አለች ካሣነሽ ከበሩ።

«አዎ፣ እትዬ። አምሳያውን ሊገዛ የሚሄድ። ፊውዙ ደግሞ የሞተር አይደለም፤ የሶላር ዕቃ ነው። በዚህ አካባቢ የሶላር ዕቃ ያለው ማነው? ጀሚል፣ ሳጥኗን ክፈታት።»

ጀሚል ሳጥኗን ከፍቶ ፊውዙን ነቀለ። የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ቆመ። መዳፉ ላይ ሰማያዊ ፊውዝ ተቀምጧል፤ አንዱ እግሩ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል።

«ይኼ የእኔ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ማቀዝቀዣው ሁለት ሳምንት ያህል ቆሞ ነበር» አለች ደጊቱ። «ክትባቱ ተበላሽቶ በሽታውን የማይከላከል ሆነ። መበላሸቱን የሚያውቀው ሰው ዝም ብሎ ወጋ፤ ወረቀቱ ላይም አራት፣ አራት እያለ ጻፈ። ፍየሎቹ አለቁ። ዋሴ ደረሰበት። ቆቅ በር ላይ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ የሆነውን የሚነግረን ያየው ነው። አንተ ነህ፣ ኢዮብ። ሞተሩ የተበላሸ እንዲመስል የተቃጠለውን ከተትክ፤ ደህናውን አምጥተህ እዚህ ሰካህ። አጣሪ ቢመጣ ማቀዝቀዣው ሲሠራ እንዲያገኘው።»

ኢዮብ ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አልገደልኩትም» አለ። «ልገድለው አላሰብኩም። ሊደውል ስልኩን አወጣ፤ ልቀማው ታገልኩ፤ እሱ አልለቅም አለ፤ ገፋሁት። ገደሉ... ገደሉን አላየሁትም። ስልኩን ጫካ ወረወርኩት። በእግሬ በአቋራጭ ተመለስኩ።»

«ሲወድቅ አልጮኸም» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«አልጮኸም።»

«ለመሆኑ» አለች ደጊቱ፣ «ሊከስህ የሚሄድ ሰው ምን ብሎ ከኋላው አስቀመጠህ?»

ኢዮብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አብረን እንሂድ ብሎኝ ነው። ‹አንተው በአፍህ ብትናገር ይቀልልሃል፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ እመሰክርልሃለሁ፤ ፊውዙንም በዚያው እንገዛለን› አለኝ። ሊደውል የነበረውም መምጣታችንን ለመንገር ነው። እኔ... ወኔ አጣሁ።»

ሚሊሻው ጀሚልን ሳያየው እጁን ትከሻው ላይ አኖረ፤ ጀሚል ትከሻውን አራግፎ ወጣ። ደጊቱ የእጅ ሰንሰለቱን ለሚሊሻው ሰጠችው፤ ራሷ ለማሰር አቅም አልነበራትም። ወንጀለኛ በያዘች ቁጥር ይሰማት የነበረው ትንሽ የደስታ ሙቀት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል።

ኢዮብን ሲያወጡት ካሣነሽ ከበሩ ዞር አለችለት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ጸጥ ያለውን ማቀዝቀዣ ከፈተች፤ በረድፍ የተደረደሩትን ብልቃጦች አየች።

«ይኼስ?»

«ይጣላል፣ እትዬ።»

«ማዶ መንደር ትናንት ሦስት በግ ሞተ። በሽታው አልቆመም።» ክዳኑን በቀስታ ዘጋች። «አንዱ ሞተ፣ አንዱ ታሰረ። የቀሩንን ማን ይከትብልን?»

ደጊቱ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ የካሣነሽን ጥያቄ እንዳለ ጻፈችው፤ ወረዳ ደርሳ ለማን እንደምታቀርበው ግን አታውቅም።