የእትዬ ኦርፌሊና ሱፍ

ሬሚሂያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ እዚሁ ደሴታችን ላይ፣ ከጸሎት ቤቱ በታች፣ ባሕሩ ሲሞላ ደጃፍ ድረስ የሚመጣበት ቤት ነው። እናቷ የባሕር ሣር ስትለቅም ስለምትውል፣ ሱፍ መፍተልም ሹራብ መሥራትም ያስተማሯት በጎች የሚያረቡት ጎረቤታቸው እትዬ ኦርፌሊና ናቸው።

«ቀስ በይ የኔ ልጅ» ይሏታል። «ክር እንደ ልጅ ነው። ሲጎትቱት ይበጠሳል፤ ሲለቁት ይወሳሰባል።»

በዚያ ዓመት ሬሚሂያ የመጀመሪያ ሹራቧን ብቻዋን ጨረሰች። አንዱ እጅጌ ከሌላው ትንሽ ይረዝም ነበር። ቢሆንም እናቷ፣ «በእጅሽ የሠራሽው ነው፤ የሚያመጣውም ያንቺ ነው» አለቻት። ሬሚሂያ የምትመኘው ምን መሰላችሁ? የራሷ የምትላት አንዲት ሴት ግልገል!

በገበያ ቀን ከእትዬ ኦርፌሊና ጋር በጀልባ ወደ ዳልካሁዌ ገበያ ተሻገሩ። ሹራባቸውን ዘርግተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው እትዬ ኦርፌሊና ተነሡ።

«ዳቦ ልግዛልን። ዕቃዬን ጠብቂልኝ፤ እሺ?»

«እሺ።»

ወዲያው ሴሊንዳ የምትባል የሌላ ደሴት ሴት፣ አንዲት ግልገል እየጎተተች መጣች።

«ልጄ ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ደቡብ ሊሄድ ነው። ወፍራም ሹራብ ፈልጌ ነበር። ይቺን ግልገል እለውጣለሁ።»

ሬሚሂያ ሹራቧን ብድግ አድርጋ አሳየች። ሴትየዋ ግን የእትዬ ኦርፌሊናን ሹራብ አንሥታ አሸተተች።

«ሱፍ ማለት ይሄ ነው! ራሱን በጉን ነው የሚሸተው!»

«እሱ እኮ የሱቅ ክር ነው» አለች ሬሚሂያ።

«ምን አልሽ?»

«የፋብሪካ ክር ነው። በግ በግ እንዲሸት ሞራ ይቀቡታል።»

ሴሊንዳ ሹራቡን እንደ ትኩስ ድስት ወረወረችው። የሬሚሂያን ወሰደች፤ የግልገሏንም ገመድ ሰጠቻት።

እትዬ ኦርፌሊና ዳቦውን ይዘው ሲመለሱ ግልገሏን አዩ። «እሰይ! እሰይ የኔ ባለሙያ!» ብለው ሳሟት። ልጆች፣ ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ዝም አለች።

ሴሊንዳ ለጀልባ ጓደኞቿ ነገረች። እነሱም ለሌሎች ነገሩ። በሚቀጥለው ገበያ ሴቶቹ የእትዬ ኦርፌሊናን ሹራብ እያሸተቱ ይሳሳቁ ጀመር።

«ሞራው ስንት ኪሎ ፈጀ፣ እትዬ?»

«የምን ሞራ?» አሉ እሳቸው፤ አልገባቸውም። በኋላ ግን ገባቸው። በየክረምቱ በካልሲ ድንች ይለውጧቸው የነበሩት ሰዎች እንኳ ቀሩ። ሹራባቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሹራባቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ሬሚሂያ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። እትዬ ኦርፌሊና ምንጩ አጠገብ ተንበርክከው ሹራቦቻቸውን በሳሙና ያጥባሉ። እጃቸው ከብርዱ የተነሣ ቀልቷል።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«ሽታውን ላስለቅቀው ብዬ ነው። የበግ ሽታው ከጠፋ ምናልባት ያምኑኝ ይሆናል።»

ሬሚሂያ እንስራዋን ጣለች። «እኔ ነኝ!» ብላ አለቀሰች። «ለግልገሏ ብዬ እኔ ነኝ ያልኩት!»

እትዬ ኦርፌሊና ሹራቡን ጨመቁት። ከዚያም፣

«እኔማ ሱፌን አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገሪ» አሉ።

ነገረች። ገበያው መካከል ቆማ፣ «ውሸቴን ነው! የእትዬ ኦርፌሊና ሱፍ ከራሳቸው በጎች ነው!» አለች። አንዳንዶቹ አመኗት። ሌሎቹ ግን ሣቁ።

«አሮጊቷ ምን ሰጥታ ላከችሽ?»

ሴሊንዳም፣ «ያኔ የሱቅ ክር ነው አልሽ፤ አሁን ውሸት ነው ትያለሽ። የትኛውን ልመን?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ሬሚሂያ ግልገሏን ወስዳ ለእትዬ ኦርፌሊና ሰጠች። እሳቸውም ተቀበሏት። ክረምቱ ሳይገባ ግን እሷንም ሌሎቹን በጎችም ሸጡ። በስተደቡብ ፑንታ አሬናስ ከተማ ወዳለው ልጃቸው ሊሄዱ ነበር።

ሬሚሂያ ጀልባው ድረስ ጓዛቸውን ተሸከመች።

«ይቅር አላሉኝም?»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ከልቤ።»

«ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?»

እትዬ ኦርፌሊና ጉንጯን ዳሰሱት። «በየገበያው እየተሸተትኩ ማርጀት አልቻልኩማ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ጀልባው ሄደ። ሬሚሂያ ባሕሩ እግሯን እስኪያርሰው ቆመች።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔርም ሰውም ይቅር ይሉናል፤ በባልንጀራችን ላይ የተናገርነው ሐሰት ግን አንዴ ከአፋችን ከወጣ ልንመልሰው ስለማንችል፣ ሳይወጣ እንዋጠው።