በኮከቧ ፊት የሚያልፉት

በ1995 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ። የተረፈችውን ልንወቃ ስንል ያለ ወቅቱ ዳመነ።

ጎረቤቴ ሙላቴ አራት በሬዎቹን ነድቶ መጣና የእኔን ወቃልኝ። ወንፈል ነው፤ በማግሥቱ እኔ የእሱን ልወቃ።

በማግሥቱ "ታምሜያለሁ" ብዬ ላክሁ።

አልታመምሁም። ብርዱን ፈርቼ ነው።

ሙላቴ ዝናቡ እንዳይቀድመው ብቻውን ሲወቃ አደረ። ጠዋት አውድማው መሐል ሞቶ አገኘነው። በሬዎቹ ግን... ገና ይዞሩ ነበር።

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈውም ተረት አይደለም። ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ጋፋት፣ እዚያው አውድማ ላይ የሆነ ነው።

የሙላቴ ልጅ ማስተዋል ደብረ ታቦር ታስተምራለች። ቦታው ገላጣ ስለሆነ ቴሌስኮፕና ላፕቶፕ ይዛ በባጃጅ መጣች።

"ይችን ኮከብ ያዩአታል፣ አያ ወርቁ? እንደኛዋ ያለች ፀሐይ ናት።"

"ታዲያ ምነው አታሞቀን?"

"ርቃ ነዋ!" ሳቀች። "ፕላኔቶች ይዞሯታል። እነሱ አይታዩም። አንዱ በፊቷ ሲያልፍ ግን ብርሃኗ ይቀንሳል፤ ይሄ ላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር ዝቅ ይላል።"

"እንደ አውድማ በሬ ነው የሚዞሩ?"

"እንዴታ! ዛሬ የሚያልፈው አንድ ነው፤ ለማለፍም ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። እስኪ ይጠብቁልኝ፣ ከባጃጁ ባትሪ ላምጣ።"

ሄደች።

መስመሩ ዝቅ አለ... ወዲያው ተመለሰ።

ደግሞ ዝቅ አለ።

አራት ጊዜ፣ ሰፋ ብሎ። ከዚያ አንድ ቀጭን።

መስመሩ በወረደ ቁጥር ከኋላዬ ኮቴ ያልፋል።

ዞርሁ። አውድማው ባዶ ነው።

"ሆ... ሆ..."

ድምፁን አወቅሁት።

"ሙላቴ?"

"ደከመኝ፣ ወርቁ።"

በትሬን አነሳሁ። ምንም ከማይታየው ኮቴ ኋላ መንዳት ጀመርሁ። ስንት ጊዜ እንደዞርሁ አላውቅም።

"አያ ወርቁ... ምን እየነዱ ነው?"

ማስተዋል ባትሪውን አቅፋ ቆማለች።

"የአባትሽን በሬ።" ቀና ብዬ አላየኋትም። "ያን ቀን አልታመምሁም ነበር፣ ልጄ።"

ባትሪውን መሬት ላይ አኖረች።

"እናቴ ያን ቀን አጥሚት ልካልዎት ነበር።"

"ጠጣሁት።"

ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

"አራት ሰፊ..." አለች በሹክሹክታ። "ሁለት ቀጭን።"

መንዳቴን አላቆምሁም።

"አሁን... አንዱ ቀጭን ጠፋ።"

"ሆ" የሚለው ድምፅም ጠፋ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው። ያኔ በትሬን ጥዬ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

"አባቴ ዐረፈ?"

"ዐረፈ።"

"ታዲያ ይሄ ማነው?"

መስመሩን አየሁ።

አራት ሰፊ... ከኋላቸው አንድ ቀጭን።

እኔ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ።