ሃያ ላይ የቆመው እጀታ

ሟቹ የቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ሞተር ብስክሌቱ አጥር ስር ወድቋል፤ የፊት ጎማው ለብቻው ተንከባሎ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ጎማውን የሚይዘው ዳዶ ወልቆ ጠፍቷል።

መርማሪዋ ቤቱ ስትደርስ የሟቹ እናት ምራታቸውን ከለቀስተኛው መሃል አስወጥተዋታል።

«ርካሽ ዕቃ አስገዝታ ልጄን በላችው!» አሉ። «ቀብሩ ላይ እግሯ እንዳይደርስ!»

ሚስትየዋ የዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ኩርምት ብላለች።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ውዱን የዳዶ ማጥበቂያ ሲያገላብጥ ‹ጋራዥ ልትከፍት ነው እንዴ? ይሄ ይበቃሃል› ያልኩት እኔ ነኝ። ነጋዴውም ምሎ ሸጠልን።»

መርማሪዋ የማጥበቂያውን ሳጥን ከፈተች። ክንድ የሚያህል ቶርክ ቁልፍ ነው፤ ዳዶው እጀታው ላይ በተሞላው ቁጥር ልክ ሲጠብቅ «ቀጭ» ይላል። ቁጥሩ ከአምስት ይጀምራል፤ እጀታው ሃያ ላይ ቆሟል።

«አዩት?» አለ ከኋላዋ የሟቹ ታላቅ ወንድም። «ግድግዳው ላይ የለጠፈው መመሪያ ስድሳ ይላል። እሱ ሃያ ላይ ሞልቶ አጥብቆታል።»

«እርስዎም ሞተር ይፈታሉ?»

«እኔ? መንዳት እንጂ እጄ ግራሶ ነክቶ አያውቅም።»

መርማሪዋ የቁልፉን ራስ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረች። ከእጀታው ጫፍ በሚዛን የተለካ ውኃ በጀሪካን አንጠልጥላ ሞከረችው። በሚገባው ክብደት ቀጭ አለ። ደገመችው፤ ያው ነው።

«ባለቤትሽ ሥራ ሲጨርስ ቁልፉን ምን ያደርገዋል?»

«እጁን እንኳ ሳይታጠብ እጀታውን እስከ ዝቅተኛው ቁጥር ያላላዋል። ስፕሪንጉ ተወጥሮ ካደረ ልኩ ይበላሻል ይላል። ‹ለእኔም እንዲህ ብታስብልኝ› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

«ሞተሩ አሮጌ ነው፤ የፊት መብራቱ ግን አዲስ ነው።»

«ወንድሙ ተውሶ ሰብሮ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈዋል፤ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። ስባሪውን አልጣለውም፤ መደርደሪያው ላይ አለ።»

ቀድሞ የሟቹን ሞተር ይጠግን የነበረው ጎረቤት መካኒክ መርማሪዋ ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ ተቆጣ።

«ደንበኛ ስለቀረብኝ ሰው እገድላለሁ? እንዲያማ ቢሆን ይሄ ሰፈር ኦና ይቀር ነበር! ደግሞ ቁልፉን እንዴት እንደሚይዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሥራ በኋላ አላላው ያልኩትም እኔ!»

በማግስቱ ሬሳው ከመውጣቱ በፊት መርማሪዋ እናትየውን፣ ሚስትየዋን፣ ታላቅየውንና መካኒኩን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ቁልፉ ርካሽ ነው እንጂ አይዋሽም፤ ለክቼዋለሁ» አለች። «ዳዶውን ሰው ነው የፈታው። ፈትቶም ሟቹ የተሳሳተ እንዲመስል እጀታውን ሃያ ላይ አደረገው። ግን ሟቹ የሠራበትን ቁጥር ትቶ ሄዶ አያውቅም። ተሳስቶ ቢሆን እንኳ እጀታውን ዝቅተኛው ቁጥር ላይ እናገኘው ነበር።»

ወደ መካኒኩና ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«መካኒኩ ይህን ልማድ ያስተማረው ነው። ሚስቱ በየጊዜው የምትስቅበት ነው። ሁለቱም ሃያ ላይ አይተዉትም። ዕቃ ቤቱ የገባ ሌላ ማን አለ?»

እናትየው ወደ ታላቁ ልጃቸው ዞሩ። «በአደጋው ዋዜማ ጃኬቴን ረሳሁ አለኝ… የዕቃ ቤቱን መክፈቻ ሰጠሁት።»

«እማዬ!» አለ ታላቅየው።

«የመብራቱን ስባሪ ወስጄ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አንድ ሽማግሌ ተገጭተው ከሞቱበት መንገድ ከተለቀመው መስታወት ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። ገጪው እስካሁን አልተያዘም ነበር።»

ታላቅየው ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ።

«‹እጅህን ስጥ፤ እምቢ ካልክ እኔው እናገራለሁ› አለኝ» አለ። «የገዛ ወንድሜ! ምን ነበረበት ዝም ቢል?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እናትየው አላለቀሱም። ለየትኛው ልጃቸው እንደሚያለቅሱ የጠፋቸው ይመስላሉ። የሬሳ ሳጥኑ ተነሳ። ሚስትየዋ በሩ ላይ ደርሳ እንደ ተከለከለች አስታውሳ ቆመች።

እናትየው በትራቸውን ተደግፈው ተጠጓት። እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው መለሱት።

«ቅደሚ» አሏት። «እኔ ከኋላሽ እመጣለሁ።»

ሚስትየዋ ቀና ብላ ሳታያቸው ሳጥኑን ተከትላ ወጣች።