ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ

«ይቺስ ልጅ?» ብለው ጠየቁ የሚስዮኑ ኃላፊ።

የተጠየቀችው ቀጭኔ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከወንዶቹም ስለምትረዝም ቀጭኔ ብለዋት በዚያው ቀረ። አጠገቧ ጓደኛዋ ፍንጭት የሒሳብ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ነገሩ ሁሉ ግራ እንደገባት ተቀምጣለች። ከፊት የቀጭኔ አባት ማይክሮፎን ይዞ ቆሟል። ለአሥራ አንድ ሰው ማይክሮፎን አያስፈልግም ነበር፤ ግን ዛሬ ከሚስዮኑ ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጥተዋል።

«አዲስ ናት» አለች ቀጭኔ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ኃላፊው። አብሯቸው የመጣው ወጣት ስልኩን አነሳ። ፍንጭት ፎቶ ሲባል ነፍሷ ነው። የፊት ጥርሶቿን ክፍተት አሳይታ ሳቀች።

የቀጭኔ አባት ወንጌላዊ ነው። አዲሶቹ ፎቆች ወዳሉበት ወደዚህ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን እንዲተክል ከተላከ ሁለት ዓመት አለፈው። በር ያላንኳኳበት ፎቅ የለም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ «ሌላ ጊዜ» እያሉ በሩን ቀስ አድርገው ነው የሚዘጉት። ቀድሞ ሥጋ ቤት የነበረውን ምድር ቤት ተከራይተው ሠላሳ የፕላስቲክ ወንበር ደረደሩ። መጀመሪያ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ይመጣ ነበር። ከዚያ አንዳንዱ ኪራይ ሲጨምርበት ሰፈር ለቀቀ፣ አንዳንዱ «ስብከቱን በስልኬ እሰማለሁ» አለ። የቀሩት እናቷ፣ ጡረታ የወጡት ነርስና የሕንፃው ጥበቃ ከነቤተሰቡ ናቸው።

እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት አባቷ ለእናቷ ሲያወራ ሰምታው ነበር። «አንድ እንኳ አዲስ ሰው ካላዩ ይዘጉታል» አለ። ቀጭኔ በማግስቱ ፍንጭትን «እሁድ ጠዋት እኛ ጋ የሒሳብ ጥናት አለ» አለቻት። የፍንጭት ቤተሰቦች የሌላ እምነት ሰዎች ናቸው። ጥናት ባይባል ኖሮ ደጁንም አትረግጠውም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ፎቶው በጽሕፈት ቤቱ ገጽ ላይ ወጣ። ፍንጭት ትስቃለች፤ ከሥሯ «ከአዳዲስ አማኞች አንዷ» ይላል። በዚያው ቀን ተደወለ፤ አንድ ዓመት ተጨምሮላቸዋል። አባቷ ስልኩን ሲዘጋ እንደ ልጅ ዘለለ። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «እሰይ! እሰይ!» አለች። ቀጭኔም አብራ ሳቀች።

ዓርብ ፍንጭት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ሰኞ ስትመጣ ያለ ደብተር፣ ከአክስቷ ጋር ነው። አክስትየው መልቀቂያ ሊያወጡ ቢሮ ሲገቡ ቀጭኔ ሮጣ ደረሰችባት።

«ልትለቂ ነው?»

«አጎቴ ጋ ልሄድ ነው፤ እዚያ እማራለሁ።» ዓይኖቿ አብጠዋል። «የሒሳብ ጥናት አልሽኝ እኮ። እኔ ጅሏ ካልኩሌተር ሁሉ ይዤ መጣሁ።»

«ፍንጭት፣ እኔ...»

«የአባቴ ደንበኞች ጎሚስታ ቤቱ ድረስ እየመጡ ‹ልጅህን አስረከብካት› ይሉታል። አራት ቀን ሙሉ አላናገረኝም። ስነግረው አያምነኝም፣ ፎቶው ላይ ስቄያለኋ!»

«አባቴ ሊባረር ነበር። ለእሱ ብዬ ነው።»

«የእኔም አባት አባት ነው» አለች ፍንጭትና አክስቷን ለመጠበቅ ፊቷን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ቀጭኔ ምድር ቤቱ ገባች። አባቷ ዓመቱ በመጨመሩ ግድግዳውን ነጭ እየቀባ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። ብሩሹ ጫፍ ላይ ያለው ቀለም ጫማው ላይ ሲንጠባጠብ አላየውም።

«አዲስ ናት ነው ያልኩት እንጂ አምናለች አላልኩም» አለች በመጨረሻ።

«ተይ ልጄ። እንዲህ ዓይነቱን ቃል እኔም አውቀዋለሁ። ሪፖርት ስጽፍ ስንቴ ተጠቅሜበታለሁ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አነሳና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለ። እንደወትሮው ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፤ «ልጅቷ አማኝ አይደለችም። ለጥናት ብላ ነው የመጣችው» አለ።

ፎቶው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠፋ። ረቡዕ ደግሞ የመዝጊያው ደብዳቤ መጣ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ያስረክቡ ይላል። ግድግዳው ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ እንደነበረ ቀረ። ነርሷ ወሬውን ሲሰሙ አላለቀሱም። «ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሁለት ታክሲ ነው። በዚህ ጉልበቴ እንግዲህ ቤቴ ቁጭ ማለት ነው» አሉና ከዘራቸውን አነሱ። አባቷ አልተቆጣትም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር ብላ አሰበች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ፍንጭት አባት ጎሚስታ ቤት ሄደች። እሳቸው በውኃ የተሞላ ገንዳ ላይ አጎንብሰው፣ የጎማ ካላማዳሪ እያዞሩ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋሉ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ምንም አላጠፋችም። ጥናት አለ ብዬ ያታለልኳት እኔ ነኝ።»

ቀና አላሉም። «የወንጌላዊው ልጅ ነሽ?»

«አዎ። ፎቶውን አስጠፍተነዋል። አባቴም ደውሎ ተናግሯል።»

«አውቄያለሁ፤ ትላንት መጥቶ ነግሮኛል።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እሷንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ግን ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። የጠፋውን ፎቶ ማን ያያል? ያየውን ሰው ሁሉ እየዞርሽ ልትነግሪው ነው?»

«ትመለሳለች?»

«አትመለስም። እዚያ ተመዝግባለች።» አንድ መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ እሳቸውም ተነስተው ሄዱ።

ቀጭኔ መንገዱ ዳር ቆመች። እሁድ የመጨረሻው ጸሎት ነው፤ ከቤተሰቧ ሌላ የሚመጣ ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለችም። ፍንጭትም ብትደውልላት ስልክ አታነሳም። ምንም የሚስተካከል ነገር አልታያትም። ከጎሚስታው ቀጥሎ ሱቅ አለ፣ ከሱቁ ቀጥሎ ፀጉር ቤት፣ ከዚያ ፋርማሲ፤ መንገዱ እስከ አደባባዩ ድረስ በር በበር ነው።

ቦርሳዋን አስተካክላ ሱቁ ውስጥ ገባች።

«ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ?» አሏት ባለሱቋ።

«ምንም። ስለ አንድ ፎቶ ልነግርዎት ነው።»