ቀሪ ወተት

ጮራ በምትባለው መንኮራኩር ላይ የወለደች ሴት ሁሉ፣ ገና ከመገላገሏ ጡት ለበስ ይለጠፍላታል። ጡት ለበስ ከጡት ስር የሚለጠፍ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወተት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ከአልጋዋ ራስጌ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ከምድር ከተነሱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋልና ማንም እንደ ብርቅ አያየውም። ለመርሻም ጡት ለበስ መጠገን እንደ ቧንቧ መጠገን የዕለት ሥራው ነው።

ያን ቀን ጠዋት ያስጠራችው ትርንጎ የምትባል የሃያ ሦስት ቀን አራስ ነበረች።

«ጋሼ መርሻ፣ ይሄ ነገር ዋሽቶኛል» አለችው። ያቀፈችው ልጅ እጁን ይጠባል፣ ይተወዋል፣ ያለቅሳል። «ቀሪዬን ጨርሻለሁ። ታዲያ ለምን አይጠግብም?»

መርሻ መሣሪያውን ከፍቶ አየው። ምንም አልሆነም። ሰሌዳው «ቀሪ፦ 0» ይላል።

«ቀሪዬን ጨረስኩ ስትዪ?»

«ያው የጎደለኝን ነዋ!» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ ሰባ ይለኝ ነበር። አፈርኩ። የሰው ጡት ሞልቶ ሲፈስ የእኔ ሰባ ይጎድለዋል ብዬ ለማን እናገራለሁ? ተደብቄ በጡጦ ሞላሁለት። ከዚያ ስድሳ፣ ከዚያ አርባ፣ እየቀነሰልኝ መጣ። ትናንት ዜሮ ሲል እልል ልል ምንም አልቀረኝ።»

መርሻ መፍቻውን አስቀመጠ።

ቃሉን የጻፈው እሱ ነው። ልጁ ጠብቶ ሲጨርስ ጡት ውስጥ የተረፈውን ወተት «ቀሪ» ያለው እሱ ነው፤ ሰሌዳዋ ጠባብ ስለሆነች አጭር ቃል ፈልጎ። ሰባው የተረፋት ነበር። ዜሮው ደግሞ ጡቷ ነጥፎ ነው።

ባለቤቱ ስንዱ ትዝ አለችው። አምና፣ ልጃቸው ረድኤት በተወለደች በወሯ፣ እየሳቀች «ቀሪዬ አለቀልኝ!» ብላው ነበር። እሱ ልጅቷ ጠብታ ሳታስቀር የጠባች መስሎት «ጎበዝ!» ብሎ ግንባሯን ስሞ ወደ ሥራው ሄደ። ረድኤት ግን እየከሳች መጣች። ከዚያ ሳል ያዛት። ሁለተኛ ወሯን አልጨረሰችም።

«ተበላሽቷል አይደል?» አለች ትርንጎ። «አዲስ ቀይርልኝ በቃ።»

አዎ ቢል ታምነዋለች፤ ታመሰግነዋለችም። ጡቷ ግን እንደነጠፈ ይቀራል።

«መሣሪያው ደህና ነው» አለ፣ ዓይኗን ማየት አቅቶት። «ያሳሳተሽ የእኔ ቃል ነው። ወተት ነበረሽ ልጄ። ሰባው ትርፍሽ ነበር።»

ነገሩ ሲገባት ልጇን እያየች «እኔ እኮ ተደብቄ...» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

«ይመለሳል። ባዶ ቢመስልሽም ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ ጡት የሚያግተው ሲጠባ ነው። እስኪመለስ ጡጦውንም በግልጽ ስጪው። አዋላጇን አሁኑኑ እጠራልሻለሁ።»

ቤቱ ሲገባ ስንዱ ልብስ ታጥፋለች። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። «ጎበዝ» ማለቱንም አልተወም።

ስንዱ ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ከአርባዋ በኋላ የጡት ለበሱን መመሪያ አነበብኩት። ቃሉን ያዘጋጀው ተብሎ ስምህ ከታች አለ።» የያዘችውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። «እንዳታፍር ብዬ ተውኩት። በሐዘንህ ላይ ምን ልጨምርብህ?»

መርሻ አጠገቧ ተቀመጠ። ለእሱ ብላ ዝም እንዳለች ገብቶታል። ለዚህ ደግሞ ሊቆጣት አይችልም።

«ስንዱ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከረድኤት ወዲህ ዘጠኝ ሴቶች ወልደዋል።»

እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ። መሣሪያው አንድም ቀን አልዋሸም። የተደባበቁት ሰዎቹ ናቸው፤ አንዷ አፍራ፣ አንዷ ሌላው እንዳያፍር ብላ። ከምድር ስንቱን ትተው ሲመጡ ይቺን መደባበቅ ግን ይዘዋት መጥተዋል።

ስንዱ ፊቷን በሸሚዙ ጠረገች።

«ጫማዬን አቀብለኝ» አለች። «ለሴቶቹ እኔ ነኝ የምነግራቸው። አንተ ግን አጠገቤ ትቆማለህ።»