ሰባተኛው ጂፒኤስ

እኔ መቼም ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አንገቴን ደፍቼ በሆዴ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ላሊበላ ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነኝ፣ ያልተለካ ነገር አይዋጥልኝም። ስለዚህ ይህን ስነግርህ ራሴን እየታዘብኩ እንደሆነ እወቅልኝ።

ጌታሁን የሚባል የኮሌጅ ጓደኛዬ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባለ ሸራ ጀልባዎች አሉት፣ እንደ ቀልድ የጀመርነው ወሬ አድጎ አገር አቀፍ የጀልባ ፍጥነት ውድድር ልናዘጋጅ ተነሳን። ሰዓት ይዞ ዳር የሚቆም ዳኛ የለም፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የእጅ ስልክ የምታክል ጂፒኤስ ደረቱ ላይ ያስራል፣ መሣሪያዋ የሄደበትን መስመርና ፍጥነቱን ትመዘግባለች፣ በቃ። ሰባት ተወዳዳሪ፣ ሰባት ጂፒኤስ። እነሱን መፈተሽ የእኔ ድርሻ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ አንዳንዴ ቅዳሜና እሁድ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ ያልፋል፣ እና እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራውን የወደድኩት ለውድድሩ ብቻ አልነበረም፣ የሚደውልልኝ ሰው ስላገኘሁ ነው።

ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት፣ ሰማዩ ያልተከለለ ሜዳ ፍለጋ ከብልባላ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አምባ ወጣሁ። ሰባቱንም በአንድ ቦርሳ አዝዬ ሜዳውን ዞርኩ፤ አብረው ስለሄዱ አንድ ዓይነት መስመር መሳል አለባቸው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደክሞኝ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቦርሳውን እግሬ ሥር አድርጌ ዳቦዬን አወጣሁ።

ያኔ ነው የሰማሁት። ሸራ ሲርገበገብ። ከዚያ ገመድ ምሰሶ ሲመታ፣ ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። ይህን ድምፅ ሐይቅ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አልስተውም፤ ግን እመነኝ፣ እዚያ አምባ ላይ እንኳን ጀልባ የሚንሳፈፍበት፣ በሬ የሚጠጣው ውሃ የለም። የድንኳን ሸራ ይሆናል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፣ ድንኳንም ሰውም የለም፣ ከገደሉ ሥር ጉም ብቻ እየወጣ ነው። ከዚያ ድምፁ ወደ ኋላዬ መጣና ቀጥ አለ፣ የእርጥብ ገመድ ሽታም ሸተተኝ።

አንድ ሽማግሌ ቄስ በእግር መንገዱ ሲመጡ ሳይ ደስታዬን አትጠይቀኝ፣ ብድግ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

"እንደምን ዋላችሁ?" አሉኝ።

እኛ አገር ትልቅን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ክብር ነው፣ ግን ቄስ ልጃቸው የሚሆነውን ሰው እንዲህ አይሉትም።

"ብቻዬን ነኝ እኮ አባቴ።"

በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩ። "ይሁን። ጉሙ ሳይደፍናችሁ ውረዱ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ስድስቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ ሆነዋል። ሰባተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብሯቸው ነው፤ እኔ ስቀመጥ ግን ተለይቶ ገደሉን ተሻገረ፣ በአየር ላይ፣ በሰዓት አርባ አንድ ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ ማዶ ሲደርስ ልክ እንደ ጀልባ ሰፋ አድርጎ ዞሮ ተመለሰ፣ ከተቀመጥኩበት ሁለት እርምጃ ኋላም ቆመ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ከእናቴ ወዲህ ያን ያህል ጊዜ አጠገቤ የቆየ የለም። ስነሳ አብሮኝ ተነሳ፣ እስከ ቤቴ በር ድረስ፣ ሁለት እርምጃ ኋላ።

ጌታሁን በስልክ ሳቀብኝ። "ገደሉ ነው ሲግናሉን ያነጠረው!"

"የነጠረ ሲግናል ይበታተናል ጌታሁን፣ ይሄ ኩርባ ይዞ ነው የዞረው። ይህቺን መሣሪያ እናስቀራት።"

"እና ሰባተኛዋን ተወዳዳሪ፣ ሰናይትን፣ ምን ልበላት? ሁለት ዓመት የተለማመደችን ልጅ ዳር ላቁማት?"

ሰባቱንም ላክሁለት።

ሰናይት ሁሉም ታሸንፋለች ያላት ልጅ ነበረች፤ በውድድሩ ቀን ግን መጨረሻ ወጣች። ከጀልባዋ ስትወርድ ከንፈሯ ነጥቷል።

"ጋሼ፣ ጀልባው ከበደኝ" አለችኝ፣ "ከኋላዬ ሰው የጫንኩ ነው የመሰለኝ።"

"ነፋሱ ነው" አልኳት። እኔ፣ የማውቀው!

ጂፒኤሷን ልትመልስልኝ ስትል ማስታወሻ ይሁንሽ ብዬ ተውኩላት፣ ደግ ሰው መስዬ፤ እውነቱን ለአንተ ልንገርህ፣ ወደ ቤቴ መልሼ ላስገባት ፈርቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። "ጋሼ፣ ይህቺን መሣሪያ ቻርጅ ካደረግኳት ወር አለፈ፣ ለምንድነው የማትጠፋው?" አለችኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ደግሞ ቁጭ ባልኩ ቁጥር..." ብላ አቋረጠችው።

ክፍል ልገባ ነው፣ መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁባት። እስካሁን አልደወልኩም። እሷም ብቻዋን ነው የምትኖረው።